አስር ከአስር የሰጠሁት ፊልም

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ለእኔ ለውጥ የለውም። ማንንም አላባብልም።

የሆነውን ነው የምጽፈው። የሆነውም በእኔው ቤት ነው።

ቦታው ባሕር ዳር። ዘመኑ 1975 ዓ.ም፣ ወሩ ጳጉሜ። ሰዓቱ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ በቀን። ጅብ ሲጮኽ የሚጀምር ታሪክ የፈለገ ሌላ ቻናል ይሂድ።

ስሜ አገርነሽ ነው። ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ታይፒስት። ከእናቴ ከባንቺአየሁና ከታናሽ ወንድሜ ከክንዱ ጋር ሐይቁ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት እንኖር ነበር። ከጓሯችን ቀጥሎ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ነው። ከደንገሉ ወዲያ ጣና ነው።

ክንዱ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ። ሳቂታ፣ ጥርሱ የማይከደን ልጅ። ዋና ደግሞ ከዓሣ ነው የተማረው እንል ነበር።

ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ነበረው። በአዳራሹ እሑድ እሑድ በስምንት ሰዓት ፊልም ይታያል። ሰዓት እላፊ ስላለ የማታ ፊልም ብሎ ነገር የለም። የህንድ፣ የካራቴ፣ የሩሲያ የጦርነት ፊልም... ያገኙትን ያመጣሉ፣ ያመጡትን እናያለን።

ያ ዘመን እንግዲህ የሂስና ግለ ሂስ ዘመን ነው። ስብሰባ ገብቶ ሂስ ሳያደርጉ መውጣት የለም። የክበቡ ኮሚቴ ምን አለ... "ፊልምም ሂስ ሊደረግበት ይገባል!" ብሎ ቅጽ አወጣ።

ቅጹ አራት ዓምድ አለው። የፊልሙ ስም። ነጥብ ከአስር። ጉድለቱ። መታረም ያለበት።

ወይ ጉድ! የሞስኮ ሰው ባሕር ዳር የተለጠፈ ወረቀት አንብቦ ፊልሙን ሊያርም ነው? ብለን ስንት ሳቅን። ግን ቅጹ ባዶ ከሄደ ኮሚቴው ይቀየማል። ኮሚቴ ሲቀየም ደግሞ በዚያ ዘመን ደግ አልነበረም። ስለዚህ እንሞላዋለን።

ቅጹን የምንሞላው ሦስት ነን። እኔ፣ ክንዱ፣ የሒሳብ ክፍሉ አቶ መርስዔ ኀዘን። አቶ መርስዔ ኀዘን በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ዜማ ተምረው ኋላም ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ፊልም ሲያዩ እንኳ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምት ይቆጥራል።

ዓመቱን ሙሉ ያየነውን በደብተር እንይዛለን። ጳጉሜ ስትገባ ተቀምጠን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ እናወጣለን። እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ፣ አዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። አንደኛ የወጣው በአዲስ ዓመት ለሁሉም ሰው በድጋሚ ይታያል።

እና ሠራተኛው ሁሉ ወረቀቱን የሚያነበው የእኔን ሂስ ፈልጎ ነው። ምላሴ ስለት ነበረው። ይህን ስል አሁንም ትንሽ ደስ ይለኛል፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ጳጉሜ አንድ ተቀመጥን።

ሠላሳ አንድ ፊልም ነው። "ቀይ ሳሪዋ" ለምንላት የህንድ ፊልም ክንዱ ዘጠኝ ሰጣት።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች እኮ!" አልሁት።

"ታዲያ እታለም፣ ልቅሶ ሲያምርባት ምን ታድርግ?"

አቶ መርስዔ ኀዘን ሰባት ሰጡ። "ልቅሶዋ ዜማ አለው" አሉ። እኔ አራት።

"ታንኩ" የምንለውን የሩሲያውን አምስት ልንሰጥ ነበር፣ ኮሚቴውን ፈርተን ስምንት አደረግነው። "ጢማሙ" የሚባለው የካራቴ ፊልም ደግሞ ሦስት። ጉድለቱ፦ የሞተው ሰውዬ ሲተነፍስ ይታያል። መታረም ያለበት፦ የሞተ ሰው አይተንፍስ። ክንዱ ይህን ሲያነብ ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

አስር ያገኘ የለም። እኔ በሦስት ዓመት ለአንድም ፊልም አስር ሰጥቼ አላውቅም። ዘጠኝ ስሰጥ እንኳ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ልንጨርስ ስንል ፊልም የሚያዞረው አቶ ቢያዝን ገባ። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

"ሠላሳ ሁለት ነው" አለ።

"ሠላሳ አንድ ነው። ደብተሩ ይኸው።"

"ቆርቆሮው ሠላሳ ሁለት ነው አገርነሽ።"

ሄደን አየን። እውነትም አንድ ትንሽ የፊልም ቆርቆሮ ከሌሎቹ ሥር አለች። ስም አልተጻፈባትም። ከየት እንደመጣች የሚል ወረቀት የላትም። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ግን "32" የሚል ቁጥር ሰፍሯል፣ ማኅተምም አለበት።

"ያለ ሂስ ብመልሳት ኮሚቴው እኔን ነው ሂስ የሚያደርገኝ" አለ አቶ ቢያዝን።

"ነገ በስምንት ሰዓት እናያታለን" አልሁ።

አፌን በቆረጠው...

ጳጉሜ ሁለት። ስምንት ሰዓት።

አዳራሹ ለበዓሉ ኖራ እየተቀባ ስለነበር ለሕዝብ ዝግ ነው። አራታችን ብቻ ነን። ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ዝናብ ይወርዳል።

ፊልሙ አራት ደቂቃ ነው። ድምፅ የለውም። ቀለም የለውም። የተዋናይ ስም የለውም።

ሐይቅ ይታያል። ደንገል። አንድ ሰውዬ ከሩቅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጋቢውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ወደ ውሃው ገባ... እስከ ጉልበቱ... እስከ ወገቡ... እስከ አንገቱ።

ጠለቀ። ብቅ አለ። ጠለቀ።

አልወጣም።

ውሃው ብቻ ትንሽ ቆየና ፊልሙ አለቀ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ክንዱ። "የገጠር ልማት ነው እንዴ?"

ሳቅን። አቶ መርስዔ ኀዘን ብቻ አልሳቁም።

"ይኼ የእኛው ሐይቅ ይመስላል" አሉ ቀስ ብለው።

"ሐይቅ ሁሉ ይመሳሰላል አባባ" አልኋቸው። ቅጹን ከፈትሁ፣ ብዕሬን አነሳሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ።

ስም፦ የለውም። ነጥብ፦ ሁለት። ጉድለቱ፦ ሰውየው ከሩቅ ነው፤ አሟሟቱም አያሳምንም። ሰው እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ አይሰምጥም። መታረም ያለበት፦ ቀረብ ይበል። ሲሰምጥም ይታገል።

ታይፕ አድርጌ በሩ ላይ ለጠፍሁት። ሠላሳ ሁለተኛ፣ የመጨረሻው።

ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ቀን ነው። ክንዱ በጠዋት ሐይቅ ወርዶ ተጠምቆ መጣ። በጳጉሜ ጠዋት ጠዋት መጠመቅ የአገሩ ልማድ ነው፣ የእሱ ግን ስለትም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ ከሞት ተርፏል። "ዕድሜ ልኬን ከጳጉሜ አንድም ጠዋት አልዘልልም" ብሎ ተስሏል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ቢያዝን ቢሮዬ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እስኪ ነይ..." አለኝ በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"ነይ ብቻ። ሁለቱንም ጥሪያቸው።"

ሄድን። ያንኑ ቆርቆሮ ከፍቶ ያንኑ ፊልም አዞረው።

ሐይቁ ያው ነው። ደንገሉ ያው ነው። ሰውየው ግን... ቀርቧል።

አሁን ትከሻው ይታያል። አንገቱ ላይ ያለው ክር ይታያል። ገባ። ጠለቀ። ብቅ ሲል እጁን አወራጨ፣ ውሃውን መታው። እንደገና ጠለቀ።

ታገለ።

የማሽኑ ድምፅ ብቻ።

"ሌላ ኮፒ ነው" አለ ክንዱ።

"አንዲት ቆርቆሮ ናት ያለችው" አለ አቶ ቢያዝን። "የፊልሙ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ነው ያደረው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።"

አቶ መርስዔ ኀዘን በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

"ልጄ፣ እኔ በዚህ የለሁበትም። ስሜን ሰርዢው።"

"ለምን አባባ?"

"እኔ ዜማ ሳርም ነው ያረጀሁት። እርማት የሚሰጠው ለሚሰማ ነው።" በበትራቸው ሸራውን አመለከቱ። "ይኼ ነገር... ይሰማል። ምንም ነገር አትጻፉበት።"

እና ወጡ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። እኔ ግን ደስ አለኝ! አዎ፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም የእኔን ሂስ ሰማ። ሞስኮ ያልሰማኝ፣ ቦምቤይ ያልሰማኝ... ይኼ ሰማኝ። ልቤ አበጠ።

"እስኪ ደግሞ እንፈትነው" አለ ክንዱ፣ ዓይኑ እየሳቀ።

ነጥቡን አምስት አደረግነው። ጉድለቱን እኔ ጻፍሁ። ትግሉ አጭር ነው፤ ይርዘም። ጀርባው ላይ ጥቁር ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አይለይም፤ ይጥራ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ደግሞ በማኅተም ለጠፍሁት።

ጳጉሜ አራት። ስምንት ሰዓት።

ሦስት ነን። ክንዱ አጠገቤ ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል።

ሰውየው ጋቢውን አወለቀ። ጀርባው ሸራውን ሞላው።

ጥቁሩ ነገር ጠርቷል... ጠባሳ ነው። ከግራ ትከሻው በታች፣ የቅል ቅርጽ ያለው፣ አንገቱ ወደ ላይ የሆነ ጠባሳ።

ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። አርባ ቀን በእጄ ማር ቀብቼዋለሁ። በእንፋሎት የተቃጠለ ጀርባ ነው።

ዞር ብዬ ክንዱን አየሁት። ቆሎውን ይቆረጥማል። አላወቀም። ከየት ይወቅ? ሰው የገዛ ጀርባውን አይቶ አያውቅም።

"ይኼ ሰውዬ ዋና አይችልም እንዴ?" አለ።

ሸራው ላይ ትግሉ ጀመረ። ረጅም ነው። ይሰምጣል፣ ይወጣል፣ አየር ይስባል፣ እጁ ይዘረጋል፣ የሚይዘው ያጣል። አሁንም ይወጣል። አሁንም... እኔ ነኝ ይርዘም ያልሁት።

"አሁን ጥሩ ነው!" አለ ክንዱ። "ግን ፊቱን ማየት አለብን። እታለም፣ ፊቱ ይታይ ብለሽ ጻፊ።"

"ዝም በል!"

ድምፄ አዳራሹን አንቀጠቀጠው። ክንዱ ደንግጦ አየኝ።

ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ያዝሁት።

"ክንዱ፣ ነገ ሐይቅ እንዳትወርድ።"

"ምን ሆነሻል? ስለቴስ?"

"ሰውየው አንተ ነህ። ጠባሳው የአንተ ነው።"

ሳቀ። ያ ሳቁ...

"በይ እንግዲህ፣ ጀርባዬ የፊልም ኮከብ ሆነ! ለእምዬ ልንገራት?"

"እየቀለድሁ አይደለም።"

"እታለም፣ እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ ነው ያደግሁት። ስለቴን ባፈርስ ነው የምሞተው።"

እናቴ ዘንድ ብሄድ እሷም ያው ናት። "የስለት ልጅ ስለቱን አያስቀርም" ነው የምትለው።

ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። "አቃጥለው" አልሁት አቶ ቢያዝንን።

"ማኅተም ያለበት ንብረት ነው። ቆርቆሮው ከጎደለ እኔም እጎድላለሁ። አራት ልጆች አሉኝ አገርነሽ።"

ምንድን ነው የማደርገው? አሰብሁ። አሰብሁና መላ አገኘሁ። ፊልሙ የሚሄደው በእርማት ነው። ጉድለት ባልሁት ቁጥር ይታረማል። ጉድለት የለውም ካልሁ ምን ያርማል? ይቆማል! ባለበት ይቆማል፣ ፊልም ሆኖ ይቀራል።

ቢሮ ገብቼ ታይፑ ላይ ተቀመጥሁ።

ስም፦ የለውም። ነጥብ፦ አስር። ጉድለቱ፦ የለውም። መታረም ያለበት፦ የለም።

በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ አስር ነበር። ደረጃውን አስተካከልሁ፣ አንደኛ አደረግሁት። በሩ ላይ ለጠፍሁና ተነፈስሁ። እንዲያውም በራሴ ብልጠት ኮራሁ።

በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ክንዱ ጋቢውን ሲያነሳ ሰማሁት።

"እታለም... ተኝተሻል?"

"ተኝቻለሁ።"

"ሄድሁ በቃ። አትቆጪኝ።"

በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አስር ሰጥቼዋለሁ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ የእናቴ ጩኸት ነው።

ያየው አካሉ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነበር። ታንኳው ላይ ሆኖ ከሩቅ አየው። እናቴ ፊት ቆሞ፣ ውሃ ከልብሱ እየተንጠባጠበ፣ እንዲህ አለ።

"ጋቢውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ገባ። ጠለቀ። ብቅ ሲል ይወራጭ ጀመር። እኔም ቀዘፍሁ፣ ቀዘፍሁ፣ ታንኳው ግን አልሄድ አለኝ። እና ታገለ... እመት ባንቺአየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ ብዙ ሲሰምጥ አይቻለሁ። እንዲህ ረጅም ጊዜ ሲታገል ግን አይቼ አላውቅም።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ረጅም ጊዜ... ይርዘም። የእኔ ቃል ነው።

ፊልሙ አልቆመም። አለቀ እንጂ። ጉድለት የሌለው ሥራ ምን ይደረጋል? ጸድቆ በሥራ ላይ ይውላል።

ቀኑን ሙሉ በታንኳ ፈለጉት። አስከሬን የለም። እናቴ ከሰዓት በኋላ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ቀጥ ብላ ወደ ውሃው ገባች። ሁለት ወንዶች በግድ ጎትተው አወጧት።

ሲመሻሽ ወደ አዳራሹ ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም። ወረቀቱ በሩ ላይ አለ፣ አንደኛ፣ አስር ከአስር። አቶ ቢያዝን ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርሁት። ጠባሳውን፣ አስሩን፣ መላዬን።

ከዚያ እንደ ልጅ ጠየቀኝ፣ ክፋት የለውም፣ ዝም ብሎ ነው የጠየቀኝ።

"ታዲያ አገርነሽ... ለምን 'ይውጣ' ብለሽ አልጻፍሽም?"

ይውጣ።

ሦስት ፊደል! በደቂቃ ስንት ቃል የምመታ ሴት ነኝ። ሂስ ሳወጣ፣ ቀረብ ይበል ስል፣ ይታገል ስል፣ ይርዘም ስል... ሰውየው ከውሃው ይውጣ የሚል ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣልኝም። እርማት የመሰለኝ አሟሟቱን ማሳመር ነበር። ወንድሜን ካወቅሁት በኋላ እንኳ አልመጣልኝም። እዚያው ደረጃ ላይ ጥፍሬን እየነከስሁ አለቀስሁ።

ከዚያ ተነሣሁ። የቢሮው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ አዲስ መታሁ።

ነጥብ፦ ዜሮ። ጉድለቱ፦ ሰውየው አይወጣም። መታረም ያለበት፦ ይውጣ። ይውጣ። ይውጣ። ወደ ቤቱ ይሂድ።

ለጠፍሁት።

ጳጉሜ ስድስት። በዚያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች።

ጠዋት የጤና ረዳቷ ለእናቴ መርፌ ወጋቻትና እንቅልፍ ወሰዳት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከዐባይ መውጫ በኩል "አንድ ነገር ታየ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ቤት የነበረው ሰው ሁሉ በዝናቡ ወደዚያ ሮጠ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሊሞላ ነው ስምንት ሰዓት።

ብትነቃስ? ብትነቃ ወደ ውሃው ነው የምትሄደው። መስኮቱን ከውስጥ ቀረቀርሁ፣ ወጣሁ፣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቆለፍሁት። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ አዳራሹ ሮጥሁ።

አቶ ቢያዝን ማሽኑን አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። መብራቱን አጥፍቶ አዞረው።

ሐይቁ። ደንገሉ። ድንጋዩ ላይ ጋቢ አለ፣ ሰው ግን የለም። ውሃው ብቻ ነው። ዝናብ ይመታዋል።

አንድ ደቂቃ...

ሁለት ደቂቃ...

ከውሃው ራስ ወጣ።

ክንዱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ታየ። ነጭ ነው፣ ዓይኑ ክፍት ነው፣ አይርገበገብም። ተራመደ። ወገቡ ወጣ፣ ጉልበቱ ወጣ። ጋቢውን አላነሳም። በካሜራው አጠገብ አለፈ።

"ወጣ!" አለ አቶ ቢያዝን። "አገርነሽ... ወጣ!"

እኔ አለቅሳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሁለቱንም ነበር።

ያኔ ካሜራው ዞረ። እስከዚያ ቀን ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ዞሮ ተከተለው። ክንዱ በደንገሉ መሐል ይሄዳል። መንገዱን አውቀዋለሁ... የእኛ ጓሮ ነው። ፊልሙ ውስጥ ዝናቡ በረታ። በዚያው ቅጽበት ጭንቅላታችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ጮኸ። ፊልሙ ውስጥ ዝናቡ ቆመ... ጣሪያውም ጸጥ አለ።

ክንዱ አንድ በር ፊት ቆመ። በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ።

አየው። ብዙ ጊዜ አየው።

እጁን ለማንኳኳት አነሳ...

ፊልሙ አለቀ።

እንዴት እንደሮጥሁ አላውቅም። ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁልፉን በጡጫዬ ጨብጬ "መጣሁ! መጣሁ!" እያልሁ ነበር፣ ሰው እንደ እብድ ያየኛል።

ግቢያችን ጭር ብሏል። ወደ ዐባይ በኩል የሄደው ሰው ገና አልተመለሰም። ዝናቡ ጭቃውን እንደ ሊጥ አለስልሶታል።

ጭቃው ላይ ዱካ ነበር።

የባዶ እግር ዱካ... ከደንገሉ በኩል መጥቶ በራችን ድረስ የደረሰ። የአንድ ሰው።

"ክንዱ!" አልሁ።

ወደ በሩ ሮጥሁ።

ጓጉንቸሩ እንደ ቆለፍሁት ነው። ከፈትሁት።

መስኮቱ እንደ ቀረቀርሁት ነው። አልጋው ላይ ብርድ ልብሱ ተገልጧል። እጄን ሥሩ ሰደድሁ። ይሞቃል።

እምዬ የለችም።

አልጋው ሥር አየሁ። ከበሩ ጀርባ አየሁ። ሌላ መውጫ የለውም ቤቱ።

ወደ ውጭ ወጥቼ ዱካውን እንደገና አየሁት። ከበራችን ተነሥቶ ወደ ደንገሉ ይመለሳል። ሲመጣ የአንድ ሰው ነበር። ሲመለስ ግን... የሁለት ሰው ነው።

ትልቅ እግር በቀኝ። ትንሽ እግር በግራ። ትንሿ አልተጎተተችም፣ አልተንሸራተተችም። ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለው ሄደዋል።

ተከተልኋቸው። ደንገሉን እየገለጥሁ፣ ስማቸውን እየጠራሁ፣ ውሃው ጠርዝ ደረስሁ።

እዚያ ጠርዙ ላይ ዱካው ዞሯል። የሁለቱም። ተረከዛቸው ወደ ሐይቁ፣ ጣቶቻቸው ወደ ቤቱ... ጭቃው ውስጥ ጠልቀው ገብተዋል፣ ቆሞ ሰው እንደጠበቀ ሰው።

ከዚያ ወዲያ ዱካ የለም።